ወፍ ዜማውን ከማን ይማራል?

በማሽን ተፈልፍሎ፣ የአውራ ዶሮ ድምፅ አንድም ቀን ሳይሰማ ያደገ ጫጩት ጊዜው ሲደርስ እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ይጮኻል። ጆሮው እንዳይሰማ ቢደረግ እንኳ ጩኸቱ አይበላሽም፤ ትውልደ ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳካዙ ኮኒሺ ይህን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሙከራ አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የርግብም ነገር እንዲሁ ነው። ዘማሪ ወፎች ግን፣ ማለትም በዓለም ካሉት ከ10,000 በላይ የወፍ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ፣ ዜማቸውን ይዘው አይወለዱም። ከሌላ ሰምተው፣ በልባቸው ይዘው፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተለማምደው ነው የሚያገኙት።

ይህን ያህሉ ዛሬ አያከራክርም። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጫጩቱ በዙሪያው ካለው የድምፅ ጋጋታ የትኛውን መያዝ እንዳለበት በምን ያውቃል? ሲሳሳትስ የሚያርመው ማን ነው? አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ እንስቷ ወይስ የገዛ ጆሮው? ባለፉት 250 ዓመታት የተሠራው ምርምር ተሰብስቦ ሲታይ፣ «ተፈጥሮ ነው ወይስ ትምህርት» ከሚለው የቆየ ሙግት ይልቅ ይህ የአራሚው ጉዳይ ገዝፎ ይገኛል።

አንድ ልዩነት ከወዲሁ ይያዝ። ወፎች አደጋ ሲያዩ፣ ሲርባቸው ወይም መንጋው እንዳይበተን የሚያሰሟቸው አጫጭር ድምፆች ጥሪዎች ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ያለ ትምህርት የሚመጡ ናቸው። ዜማ የሚባለው ረዘም ያለው፣ ቅርጽ ያለውና በተለይ ክልልን ለማስከበርና ተጓዳኝን ለመሳብ የሚወጣው ድምፅ ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ሁለተኛው ነው።

ከአሪስቶትል እስከ ዳርዊን

አሪስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ፣ ትናንሽ ወፎች ከወላጆቻቸው ተለይተው የሌላ ወፍ ድምፅ እየሰሙ ካደጉ የወላጆቻቸውን ዜማ እንደማይዘምሩ፣ ናይቲንጌል የተባለችው ወፍም ጫጩቷን ስታስተምር መታየቷን አስፍሯል። ነገሩን በሙከራ ፈትነው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው እንግሊዛዊው ዴንስ ባሪንግተን ነው። ሙያው ዳኝነት ሲሆን የማወቅ ጉጉቱ ግን ድንበር አልነበረውም፤ ለንደን የነበረውን ሕፃኑን ሞዛርት በ1765 በሙዚቃ ፈትኖ ያየውን ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበውም እርሱ ነው።

በ1773 ለዚያው ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሊኔት የሚባሉ ወፎችን ገና ከጎጆ ወስዶ የተለያዩ የላርክ ዝርያዎች በሚዘምሩበት ማሳደጉን ተረከ። ሊኔቶቹ የአሳዳጊዎቻቸውን ዜማ ይዘው አደጉ። ባሪንግተን ከዚህ ተነሥቶ ዜማ ለወፍ፣ ቋንቋ ለሰው እንደሆነው ሁሉ በትውልድ የሚገኝ አይደለም አለ። ጫጩቱ መጀመሪያ የሚያሰማውን የተበታተነ ድምፅም አፉን ሊፈታ ከሚታገል ሕፃን ልፍለፋ ጋር አመሳሰለ። የጫካ ሊኔት የደርዘን ዝርያዎችን ድምፅ እየሰማ የራሱን ብቻ የሚይዘው ለምንድን ነው ለሚለው ግን የሰጠው መልስ ቀጭን ነበር፦ ጫጩቱ ጆሮ የሚሰጠው ለወላጁ ብቻ ስለሆነ። ለወላጁ ብቻ ለምን ጆሮ እንደሚሰጥ አልተብራራም።

ዳርዊን በ1871 የባሪንግተንን ምልከታ ተቀብሎ መካከለኛ መንገድ አበጀ። የሚወረሰው ዜማው ሳይሆን ዜማ የመማር ዝንባሌ ነው አለ። አባባሉ ዛሬም ያስኬዳል፤ ችግሩ «ዝንባሌ» የሚለው ቃል ውስጡ ምን እንዳለ አለመናገሩ ነው።

ድምፅ በወረቀት ላይ

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ለውጥ ከመሣሪያ ጋር መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ሶናግራፍ ድምፅን በሥዕል ያሳያል፤ ጊዜውን በአግድም፣ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በቁም። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዜማዎች መመሳሰላቸውን የሚወስነው የአድማጩ ጆሮ ብቻ ነበር። በካምብሪጅ ዊልያም ቶርፕ በ1950ዎቹ ቻፊንች የተባሉ ወፎችን ከሌላው ነጥሎ አሳድጎ ዜማቸውን በሶናግራፍ አየ። ርዝመቱ ከሞላ ጎደል የዝርያው ነበር፤ ውስጡ ግን ሐረግ ከሐረግ ያልተለየ፣ ማብቂያው ላይ ያለው ጌጥ የጎደለው ሆነ። አስተማሪ ያጣ ወፍ ዝም አይልም፣ ያገኘውንም አያሰማም፤ የዝርያውን ረቂቅ ያሰማል።

የቶርፕ ተማሪ ፒተር ማርለር ጥያቄውን ወደ ካሊፎርኒያ ይዞት ሄደ። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚኖሩት ባለ ነጭ ዘውድ ድንቢጦች ከሰፈር ሰፈር የሚለያይ ዘዬ አላቸው፤ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ዜማውን ሰምቶ ወፉ ከየት እንደሆነ ሊናገር ይችላል። ማርለርና ሚዋኮ ታሙራ በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ ጫጩቶች በቴፕ ከተጫወተላቸው የሌላ ሰፈርም ሆነ የራሳቸው ሰፈር ዘዬ ያንኑ እንደሚይዙ፣ የሌላ ዝርያ ዜማ ሲጫወትላቸው ግን ምንም እንዳልሰሙ ሆነው እንደሚያድጉ አሳዩ። ቆይቶ ማርለር ጊዜውንም ለካ። ከተፈለፈሉ ከ10 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ የሰሙት ይያዛል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ቴፕ አይዝም።

ኮኒሺ በ1965 ያከለው ሙከራ ለብዙዎች የዘርፉ ማዕዘን ነው። ድንቢጦቹ ዜማውን በጆሯቸው ከያዙ በኋላ ነገር ግን ራሳቸው መዘመር ሳይጀምሩ መስማት እንዳይችሉ አደረጋቸው። የሚያስታውሱት ዜማ አልጠቀማቸውም፤ ያወጡት ድምፅ ተነጥሎ ካደገው ወፍ ድምፅ ይልቅ የተበላሸ ነበር። ዜማቸው ከጸና በኋላ መስማት ያጡት ግን እንደ ቀድሞው መዘመራቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ የተወሰደው መደምደሚያ ሁለት ትምህርቶች እንዳሉ ነው። አንደኛው ማዳመጥና መያዝ፤ ሁለተኛው የራስን ድምፅ እየሰሙ ከተያዘው ጋር ማስተያየት። በድንቢጦቹ ዘንድ በሁለቱ መካከል የወራት ዝምታ አለ። ዛሬ አብዛኛው ምርምር በሚሠራበት የአውስትራሊያው ዜብራ ፊንች ግን ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ከ25ኛው እስከ 65ኛው ቀን ገደማ ያዳምጣል፣ በዚያው መሐል ለሆሳስ በሚመስል ልፍለፋ መለማመድ ይጀምራል፣ በ90 ቀኑ ዜማው ይጸናል። ካናሪ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ሐረግ ይጨምራል። እንግዲህ «የመማሪያ ዕድሜ» አንድ ወጥ ሕግ ሳይሆን ከዝርያ ዝርያ የሚሳብና የሚሰበሰብ ነገር ነው።

አብነቱ ምንድን ነው?

ኮኒሺና ማርለር ወፉ ድምፁን የሚያስተያይበትን ነገር አብነት ብለው አሰቡት፤ በትውልድ የመጣ ሻካራ አብነት አለ፣ ሲያዳምጥ ይጠራል፣ ሲለማመድ ይመሳከርበታል። ሐሳቡ ለሃምሳ ዓመት ምርምሩን መርቷል። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከማብራሪያ ይልቅ ለማይታወቅ ነገር የተሰጠ ስም ሆኖ መቆየቱ አይካድም። በአብነቱ ውስጥ ምን ያህሉ ቀድሞ እንደተጻፈ ሁለት ወገን ይከራከራል።

አንዱ ወገን ጫጩቱ የሰማውን ከባዶ ይገነባል ይላል። ክላውስ ኢመልማን በ1960ዎቹ በጀርመን ያሳየው ለዚህ ይጠቀሳል፦ በቤንጋል ፊንች የተፈለፈሉና ያደጉ ዜብራ ፊንቾች፣ የራሳቸውን ዝርያ ዜማ እየሰሙም ቢሆን ያጎረሳቸውን አሳዳጊ አባት ዜማ ያዙ። ሌላው ወገን መማር በብዛት መምረጥ ነው ይላል። ማርለርና ሱዛን ፒተርስ የረግረግ ድንቢጦችን ሲከታተሉ፣ ወጣቶቹ በመጨረሻ ከሚያስቀሩት እጅግ የሚበልጥ የዜማ ዓይነት ተለማምደው አብዛኛውን ሲጥሉ አገኟቸው። የሁለት ዝርያ ዜማ አንድ ላይ ሲጫወትላቸውም የረግረግ ድንቢጦቹ የራሳቸውን ዝርያ ድምፆች ለቅመው አወጡ።

የቅርቦቹ ሥራዎች ሁለቱንም ወገን በከፊል የሚያስደስቱ ናቸው። በ2016 በጃፓን ኦኪናዋ የወጣ ጥናት የኢመልማንን ሙከራ በአዲስ ዓይን አየው። በቤንጋል ፊንች ያደጉት ዜብራ ፊንቾች የአሳዳጊያቸውን ድምፆች ወስደዋል፣ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን የዝምታ ርዝመት ግን በራሳቸው ዝርያ ልክ አድርገውታል። ድምፁ የተማሩት ነው፤ ምቱ የወረሱት።

በኒው ዮርክ ኦልጋ ፌሄር፣ ኦፈር ቸርኒቾቭስኪና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ደግሞ ከዚህም ይልቅ አስገራሚ ነው። ተነጥሎ ያደገና ዜማው የተበላሸ ዜብራ ፊንች ለጫጩቶች መምህር ተደረገ፤ እነርሱም ለተከታዮቻቸው። እያንዳንዱ ትውልድ የመምህሩን ዜማ ሲቀዳ ትንሽ ወደ ዝርያው ልማድ እያዘነበለ አስተካከለው፤ በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ዜማው ከዱሮቹ ጋር ተቀራረበ። እያንዳንዱ ወፍ መዝጋቢ ብቻ ሳይሆን ትንሽ አራሚም ነበር ማለት ነው። ዳርዊን ዝንባሌ ያለው ነገር መጠን ሲወጣለት ይህን ይመስላል።

ቴፕ፣ ሕያው መምህርና ዝምተኛ ዳኛ

የማርለር የ50 ቀን ድንበር በ1984 ከባድ ፈተና ገጠመው። ሉዊስ ባፕቲስታና ሉዊስ ፔትሪኖቪች ከ50 ቀን በኋላ ድንቢጦቹን ከሕያው መምህር ጋር ሲያገናኟቸው መማራቸውን አሳዩ፤ ያውም ከእስያ የመጣን የሌላ ዝርያ ወፍ ዜማ ጭምር። ቴፕ የማይከፍተውን በር ሕያው ወፍ ከፈተው። ተቃዋሚዎች ሕያው መምህርና ቴፕ በድምፁ ብዛትና በሚሰማበት ዘመን ስለሚለያዩ ንጽጽሩ ንጹሕ አይደለም ብለዋል። ትችቱ ክብደት አለው። በ2018 በካናዳ ኬንት ደሴት በዱር ላሉ ሳቫና ድንቢጦች በድምፅ ማጉያ የተጫወተ ዜማ በ30 ወፎች መያዙ፣ ቴፕ ሁልጊዜ ደካማ መምህር አለመሆኑን ያሳያል። በጠባብ ቤት የታሰረ ወፍ ያልተማረው መምህሩ ቴፕ ስለሆነ ነው ወይስ ስለታሰረ?

የመምህሩ ጠባይም ተመርምሯል። የዜብራ ፊንች አዋቂ ወንዶች ለጫጩት ሲዘምሩ ድምፆቹን በሚደጋግሙበትና በሚያዘገዩበት መንገድ ለአዋቂ ከሚዘምሩት ይለያሉ፤ ሰው ለሕፃን ሲያወራ ድምፁን እንደሚለውጠው መሆኑ ነው። ይህ ማስተማር ነው ማለት ግን ገና ያከራክራል።

ከሁሉ የላቀው ግኝት የመጣው ግን ከማይዘምሩት ነው። ሜሬዲዝ ዌስትና አንድሩ ኪንግ ያጠኑት ካውበርድ የተባለው ወፍ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ የሚጥል ስለሆነ ጫጩቱ የሚሰማው አባት የለውም፤ የዝርያው እንስትም አትዘምርም። ሆኖም እንስቷ የወደደችው ድምፅ ሲወጣ ክንፏን ፈጠን አድርጋ ታርገበግባለች። ወጣቱ ወንድ ያንን እያየ ያስወደደውን ይደግማል፣ ሌላውን ይተዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ይህን በ1988 ሲያሳትሙ፣ በጆሮ የሚገባው ብቻ ትምህርት ነው የሚለው እምነት ተናጋ። በ2019 ሳማንታ ካሩሶ-ፔክና ማይክል ጎልድስታይን ለዜብራ ፊንችም ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ እናትየዋ ላባዋን የምትነፋበት ቅጽበት ከልጁ ልምምድ ጋር ሲገጣጠም ልጁ የአባቱን ዜማ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። ለአሥርተ ዓመታት የላቦራቶሪ ሙከራዎች ዝም ያሉትን እንስቶች ከክፍሉ አውጥተው መሥራታቸው ዛሬ ሲታይ ትልቅ ክፍተት ነው።

እንቁላላቸውን በሌላ ወፍ ጎጆ የሚጥሉ ወፎች ሌላም ነገር ያስተምራሉ። በኢትዮጵያም የሚኖረው፣ በእርባታ ወቅት ወንዱ ጥቁር ሰማያዊ የሚሆነው ኢንዲጎበርድ፣ እንቁላሉን የሚጥለው በየግቢው ጥሬ ስትለቅም በምትታየው ምንቃረ ቀይ ትንሽ ፋየርፊንች ጎጆ ነው። ወንዱ ሲያድግ የአሳዳጊውን ዝርያ ዜማ ይዘምራል፤ እንስቷም የምትመርጠው ያሳደጋትን ዝርያ ዜማ የሚዘምረውን ወንድ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፔይንና ባልደረቦቹ ኢንዲጎበርዶችን በቤንጋል ፊንች ሲያሳድጓቸው ወንዶቹ የቤንጋል ፊንችን ዜማ ያዙ፣ እንስቶቹም እሱን መረጡ። እዚህ ላይ ትምህርት ዝርያን እስከ መለየት ይደርሳል፤ አንዲት እንስት በስሕተት በሌላ ወፍ ጎጆ ብትጥል ልጆቿ በዜማ ምክንያት ተለይተው ሊቀሩ ይችላሉ።

አንጎል ውስጥ ያለው ዳኛ

ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቹ በ1976 በካናሪ አንጎል ውስጥ ለዜማ የተለዩ የነርቭ ሴል ክምችቶችን ካገኙ ወዲህ ክርክሩ ከጎጆ ወደ አንጎል ገብቷል። ከክምችቶቹ አንዱ፣ ኤችቪሲ የሚባለው፣ የዜማውን ጊዜ ይመራል፤ በ2002 እንደታየው ውስጡ ያሉት የተወሰኑ ሴሎች በአንድ የዜማ ሐረግ ውስጥ አንዴ ብቻ፣ በተወሰነች ቅጽበት ይተኩሳሉ።

ለመማር ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ኤልማን የተባለው ነው። በ1984 ሣራ ቦትጀርና ባልደረቦቿ ይህ ክፍል ሲጎዳ የወጣቱ ዜማ እንደሚሰናከል፣ የአዋቂው ግን እንደማይነካ አሳዩ። ምክንያቱ ቆይቶ ገባ። ሚካኤል ፊና ተማሪዎቹ በ2005 እና በ2008 እንዳሳዩት ኤልማን ሲዘጋ የወጣቱ ድምፅ ድንገት ወጥ ይሆናል፣ ሲከፈት ይዘባረቃል፤ ጭራሽ ኤችቪሲ ባይኖርም ልፍለፋው ይቀጥላል። ልፍለፋ ያልበሰለ አካል ስንፍና ሳይሆን በአንጎል ሆን ተብሎ የሚፈበረክ ልዩነት ነው። ያለ ልዩነት የሚመረጥ የለም።

መራጩስ? በ2007 ኤቭረን ቱመርና ማይክል ብሬናርድ አዋቂ የቤንጋል ፊንች አንዱን ድምፅ ቀጠን ሲያደርግ ብቻ የሚረብሽ ጩኸት አሰሙት፤ በቀናት ውስጥ ድምፁን አወፈረ። በ2016 ደግሞ ከሽልማት ጋር የሚያያዙት የዜብራ ፊንች ዶፓሚን ሴሎች ድምፁ ሲበላሽበት እንደሚቀንሱ፣ ሳይጠበቅ ሲሳካለት እንደሚጨምሩ ተመዘገበ። የምግብ ሽልማት የለ፣ አመስጋኝ የለ፤ ወፉ ራሱን በራሱ ይሸልማል።

የመምህሩ ዜማ ትዝታ የት እንደተቀመጠ ግን ስምምነት የለም። አንዳንድ ጥናቶች ከመስሚያው የአንጎል ክፍል ጋር ያያይዙታል፤ ቶድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ ደግሞ ወደ ኤችቪሲ የሚያደርሰውን መንገድ ያመለክታሉ። የሮበርትስ ቡድን በ2019 ያለ መምህር ባደጉ ወፎች ውስጥ ያንን መንገድ በብርሃን እያነቃ፣ የብርሃኑን ርዝመት የሚከተል የድምፅ ርዝመት እንዲማሩ አድርጓል። ማንም ያልዘመረው ነገር ትዝታ ሆነ። ርዝመቱን እንጂ የድምፁን ጠባይ አለማስገባቱ ግን ትዝታው በአንድ ቦታ ብቻ እንዳልተቀመጠ ይጠቁማል።

እንቅልፍም አለ። በ2005 በተደረገ ክትትል ወጣት ዜብራ ፊንቾች ጠዋት ሲነሡ ከማታው የባሰ ይዘምራሉ፤ የሚገርመው፣ በየጠዋቱ ይበልጥ የሚበላሽባቸው በመጨረሻ አብልጠው መቅዳታቸው ነው።

የቀረው

ይህ ሁሉ እውቀት በጥቂት ዝርያዎች፣ በተለይም በሰው እጅ በሚረባውና እንስቷ በማትዘምረው ዜብራ ፊንች ላይ የተገነባ ነው። በ2014 ካራን ኦዶምና ባልደረቦቿ መረጃ ካለባቸው ዘማሪ ዝርያዎች በ71 ከመቶው እንስቷም እንደምትዘምር፣ ይህም ከጥንት የነበረ ጠባይ እንደሆነ አሳይተዋል። እንስቶች እንዴት እንደሚማሩ የሚያሳዩ ጥናቶች ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። ከሰው ጋር የሚደረገውም ንጽጽር በልክ መያዝ አለበት። ከቋንቋ እክል ጋር የተያያዘው ፎክስፒ2 የተባለው ዘረመል በዜብራ ፊንች አንጎል ሲዳከም ቅጂው ጎዶሎ እንደሚሆን በ2007 ታይቷል፤ ነገር ግን የወፍና የሰው የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ተመሳሳይ መፍትሔ ለየብቻ የተገኘ ነው።

በዱር ደግሞ ሁለት የሚጋጩ ሥዕሎች አሉ። የአሜሪካ የረግረግ ድንቢጦች የተለመደውን አብዝቶ በመቅዳት አንዳንድ ድምፆችን ለመቶዎች ዓመታት እንዳቆዩ በ2018 የወጣ ስሌት ይገምታል። በካናዳ ግን ባለ ነጭ ጉሮሮ ድንቢጥ በምዕራብ የጀመረው አዲስ የዜማ ማብቂያ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቶ የቆየውን ተክቷል። አንዱ ወፍ ወግ አጥባቂ፣ ሌላው አዲስ ወዳድ የሚሆንበትን ምክንያት የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ ገና የለም።

ጥያቄው ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የማይቀርበት ቦታ አውስትራሊያ ነው። ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶዎች የወረደው ሪጀንት ሃኒኢተር የተባለው ወፍ በሰፊ አገር ተበታትኖ ወጣቶቹ መምህር እያጡ ነው፤ በ2021 የታተመ ጥናት ከወንዶቹ 12 ከመቶው የዝርያቸውን ሳይሆን የሌሎች ወፎችን ዜማ እንደሚዘምሩ አገኘ። ዜማቸው ከአካባቢው የተለየ ወንዶች ተጓዳኝ የማግኘት ዕድላቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ለዱር የሚለቀቁ ወፎችን የሚያረባው የሲድኒው ታሮንጋ መካነ እንስሳት ከቴፕ በተጨማሪ ከዱር የመጡ ወንዶችን በመምህርነት ማሰለፍ ጀምሯል። የባፕቲስታና የማርለር ክርክር እዚያ የመርሐ ግብር ውሳኔ ሆኗል፦ ስንት ጫጩት ለአንድ መምህር፣ በስንት ቀናቸው፣ ለምን ያህል ጊዜ። የተማሩት ወንዶች ሲለቀቁ ውጤቱን የሚናገሩት በጫካው ያሉት እንስቶች ናቸው።